እናት ወይም አባት «እህል አልቀምስ» ሲሉ፦ ከቤት የሚጀመር የአሠራር መመሪያ

«እማዬ እህል አልወስድ አለች፤ ምን ልስጣት?» ይህን ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እሰማለሁ። ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን የምከታተል ነርስ ነኝ። ቁስል አጥቤ ወይም ግፊት ለክቼ ስወጣ በር ላይ የሚጠብቀኝ ይኸው ጥያቄ ነው። ከአሜሪካና ከቤሩት የሚደውሉ ልጆችም የሚጠይቁኝ ሌላ አይደለም። በየበሩ ከምደጋግመው አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

«ምን ልስጣት» ከማለታችን በፊት «ለምን ተወች» ማለት አለብን። ዕድሜ ሲገፋ ጣዕምና ሽታ የመለየት አቅም ይደክማል፤ ጨጓራም ምግብን ቀስ ብሎ ስለሚያሳልፍ ጥቂት ተቀምሶ ሆድ ይሞላል። ስለዚህ የ75 ዓመት ሰው እንደ ጎልማሳነቱ አለመብላቱ የሚጠበቅ ነው። ቀሚስ እስኪሰፋ መክሳት ግን «እርጅና ነው» ተብሎ አይታለፍም። ብዙ ጊዜ ከጀርባው ሊገኝና ሊታከም የሚችል ምክንያት አለ። የመጀመሪያዎቹ 5 ደረጃዎች ምክንያቱን ለመፈለግ ናቸው፤ ወደ ማዕድ ቤት የምንገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ቤት ውስጥ የማይሞከሩ ሁኔታዎች

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ይህን መመሪያ አስቀምጡትና ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

- በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በድንገት መብላት አቁመው፣ ከዚያው ጋር መደናገር ወይም መፍዘዝ ከመጣ። የሳንባ ምች ወይም የሽንት ኢንፌክሽን አረጋውያን ላይ ያለ ትኩሳት እንዲህ ሆኖ ሊገለጥ ይችላል።
- ውሃ እንኳ አልወርድ ካላቸው፣ ማስመለሱ ካላቆመ፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ።
- የስኳር ሕመም መድኃኒት የሆኑትን ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ ወስደው ምግቡን ከተዉና ላብ ካጠመቃቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ከተደናገሩ። ነቅተው መዋጥ የሚችሉ ከሆነ ወዲያው ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጧቸው፤ ከዚያ ውሰዷቸው። ራሳቸውን ከሳቱ በአፋቸው ምንም ነገር አትጨምሩ።
- ከ5 ቀን በላይ ምንም ያህል ካልቀመሱ። ለረጅም ቀን የተራበ አካል በአንዴ ብዙ ምግብ ሲገባለት በደም ውስጥ ያሉት ፎስፌትና ፖታሲየም የተባሉ ማዕድናት ይወርዱና ልብን ያውካሉ። እንዲህ ያለ ሰው ምግብ የሚጀምረው በሐኪም ክትትል፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው።

ሳሉ 2 ሳምንት ካለፈውና ሌሊት ሌሊት የሚያልባቸው ከሆነ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ቃል ከአፋቸው ከወጣም እንደ ቀልድ አትለፉት፤ ድባቴ የምግብ ፍላጎትን ከሚዘጉት ቀዳሚዎች አንዱ ሲሆን መድኃኒትም አለው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ከሆነ ስለ ፕሮቲን የምጽፈውን ከሐኪማቸው ጋር ሳትነጋገሩ አትጀምሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሰው ሚዛንና የልብስ ሰፊ ሜትር
- ደብተርና እስክሪብቶ
- ባትሪ ወይም የስልክ መብራት
- ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ
- ከተለመደው ያነሰ ሳህን፣ ነጭ ቢሆን ይመረጣል
- የዱቄት ወተት፣ ዘይት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ የለውዝ ቅቤ
- ክንድ ማሳረፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር

ደረጃ 1፦ ክብደታቸውን ለኩና ጻፉ

በየቀኑ የሚያያቸው ሰው መክሳታቸውን አያስተውልም። ሚዛን ቤት ከሌለ ፋርማሲ ወይም ጤና ጣቢያ አለ፤ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው የሚቀመጡት ልጆችም ይበቃሉ፣ ዋናው ሁልጊዜ በዚያው ሚዛን መመዘን ነው። ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ፣ ጋቢው ወልቆ፣ በተመሳሳይ ልብስ። በ6 ወር ውስጥ 5 በመቶና ከዚያ በላይ መቀነስ አሳሳቢ ነው፤ 60 ኪሎ የነበሩ እናት 57 ሲገቡ ማለት ነው።

መቆም ካልቻሉ ባታቸውን ለኩ። ቁጭ ብለው እግራቸው መሬት ረግጦ፣ የባቱ ወፍራም ቦታ ላይ ሜትሩን ሳታጠብቁ አዙሩት። ከ31 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጡንቻቸው ሟሟቷል ማለት ይቻላል። እግር ካበጠ ግን የባቱም የሚዛኑም ቁጥር ያታልላል፤ ውሃው ሥጋ መስሎ ይቆጠራል። ያበጠ እግር ራሱ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

በሩቅ ያላችሁ በቪዲዮ ስትደውሉ ፊታቸውን ብቻ አትዩ። እጃቸውን ወደ ካሜራው እንዲያነሱ ጠይቁ፤ የጋብቻ ቀለበታቸው የሚሽከረከር ከሆነ መልሱን አገኛችሁ።

ደረጃ 2፦ የ3 ቀን ደብተር ያዙ

የቀረበላቸውን ሳይሆን አፋቸው የገባውን ጻፉ፦ ሰዓቱን፣ ምግቡን፣ ከዚያም «ሁሉንም፣ ግማሹን፣ ሩቡን፣ ምንም»። ሻይና ቡናም ይጻፍ። «በላሽ?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ የእኛ እናቶች መልስ «በልቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፣ ለሦስት ቀን ባይበሉም። «ዛሬ ጠዋት ምን ቀመስሽ? ስንት ጉርሻ ተረፈ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደብተሩ ሁለት ነገር ያሳያችኋል። አንደኛው የተሻለ የሚበሉበት ሰዓት ነው፤ ለብዙዎቹ ጠዋት ነው፣ እኛ ግን ጠዋት ሻይ በዳቦ ሰጥተን ዋናውን ምግብ ማታ እናቀርባለን። ሁለተኛው ሆዳቸውን ምን እንደሚሞላው ነው። ከምሳ በፊት ቡናው እስከ በረካ ተጠጥቶ ከሆነ፣ ምሳው የተመለሰው ስላልጣመ ላይሆን ይችላል።

ደረጃ 3፦ አፋቸውን በመብራት እዩ

ይህን ደረጃ የሚዘለው ሰው ብዛት ይገርመኛል። አንድ ቤት ልጆቹ ለሁለት ወር ምግብ ሲቀያይሩ ኖረዋል፦ ዶሮ፣ ዓሣ፣ ከውጭ የመጣ ዱቄት። እናቲቱን ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አስወልቄ ሳይ ድዳቸው ላይ የጥፍር ያህል ቁስል አለ። ጥርሱ የተሠራው ሳይከሱ ነው፤ ሲከሱ ድዱ ሰለለና ጥርሱ እየተንሸራተተ ይፍቃል። እሳቸውም «ልጆቼ ላይ ወጪ አላበዛም» ብለው ዝም ብለዋል።

ጥርሱን አስወልቁና ምላስን፣ የጉንጭን ውስጥ፣ ድድንና ላንቃን እዩ። የምትፈልጉት ቁስል፣ የሚነቃነቅ ጥርስ፣ የደረቀ አፍ፣ ወይም እንደ እርጎ የተጋገረ ነጭ ነገር ነው። ነጩ ብዙ ጊዜ ፈንገስ ነው፤ ጣዕም ያጠፋል፣ ሲውጡም ያቃጥላል፣ በመድኃኒት ደግሞ ይድናል። ከዚያ በኋላ በየማታው ጥርስና ምላስ በለስላሳ ብሩሽ ይጽዳ፤ ሰው ሠራሹ ጥርስ ታጥቦ ውሃ ውስጥ ይደር። አፍ ሲቆሽሽ ምግብ ሁሉ ይመራል።

ደረጃ 4፦ መድኃኒቶቹን በሙሉ በአንድ ከረጢት ሰብስቡ

ከመሳቢያ፣ ከትራስ ሥር፣ ጎረቤት ከሰጠቻቸው ጭምር። ፍላጎት የሚዘጉ፣ ጣዕም የሚቀይሩ ወይም አፍ የሚያደርቁ መድኃኒቶች ብዙ ናቸው። የስኳር ሕመም መድኃኒት የሆነው ሜትፎርሚን ያቅለሸልሻል፤ ለብዙ ዓመት ሲወሰድ ደግሞ የቫይታሚን ቢ12 መጠንን ያወርዳል። ሜትሮኒዳዞል አፍን ብረት ብረት ያሰኛል። የብረት እንክብል ሆድ ያደርቃል። የሕመም ማስታገሻዎቹ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራን ይልጣሉ። አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል። የልብ መድኃኒት የሆነውን ዲጎክሲንን የሚወስዱ ሰው ምግብ ሲያስጠላቸው መጠኑ በዝቶባቸው ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አትጠብቁ።

ከረጢቱን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱና «ከእነዚህ ውስጥ ምግብ የሚያስጠላ፣ ሊቀንስ ወይም ሊቀየር የሚችል አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። በራሳችሁ አታቋርጡ፤ የግፊትና የልብ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ከምግብ ማጣት የባሰ ነገር ያመጣል።

ደረጃ 5፦ ሆዱንና ውሃውን አስተካክሉ

ለአራት ለአምስት ቀን ያልተጸዳዳ ሰው እንዴት ይርበዋል? በየቀኑ ከቁርስ በኋላ፣ አንጀት ራሱ በሚንቀሳቀስበት ሰዓት፣ ሽንት ቤት ይቀመጡ። ፓፓያ፣ የተልባ ውሃና ትንሽ መራመድ ይረዳሉ።

ጥማት በእርጅና ስለሚደክም «ሲጠማኝ እጠጣለሁ» አይሠራም። ለሴቶች በቀን 1.6 ሊትር፣ ለወንዶች 2 ሊትር ያህል የሚጠጣ ነገር ያስፈልጋል፤ ወተት፣ አጥሚትና ሻይ ሁሉ ይቆጠራል። በልብ ወይም በኩላሊት ሕመም ምክንያት ሐኪም መጠጥ የወሰነላቸው በተወሰነላቸው ይጽኑ። ብዙዎቹ የማይጠጡት ሌሊት ለሽንት መነሳትን ፈርተው ነው፤ ስለዚህ አብዛኛውን ከ11 ሰዓት በፊት ስጧቸው። ልክ ከምግብ በፊት ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ግን አታቅርቡ።

ደረጃ 6፦ ምግቡን አታብዙ፣ አክብዱት

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። 10 ጉርሻ የሚበሉ እናት 20 እንዲበሉ ማድረግ ብዙ ጊዜ አይሆንም። ይልቅስ ያቺው 10 ጉርሻ የ20 ጉልበት እንድትይዝ ማድረግ ይቻላል።

መጀመሪያ ልኩን እወቁ። አረጋውያን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን፣ እንዲሁም ወደ 30 ካሎሪ ያስፈልጋቸዋል። 45 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት ከ45 እስከ 54 ግራም ፕሮቲንና ወደ 1350 ካሎሪ መሆኑ ነው። ለማነጻጸር፦ አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ ግማሽ ኩባያ የበሰለ ምስር 9፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ 7 ግራም ያህል ፕሮቲን አላቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ፕሮቲን የለውም፣ ግን 120 ካሎሪ ይዟል፤ ሳህኑ ላይ ቦታ አይወስድም፣ ሆድም አይነፋም።

*የከበደ ወተት።* ግማሽ ሊትር ወተት አፍሉ። ለብ ሲል 4 የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ወተት በጥቂት ወተት በጥብጣችሁ ቀላቅሉበት። 16 ግራም የነበረው ፕሮቲን ወደ 24 ይጠጋል፤ የሚጠጡት መጠን ግን ያው ነው። አጥሚት፣ ቅንጬ፣ የቡላ ገንፎ ስትሠሩ ውሃ ትጨምሩበት በነበረው ቦታ ይህን ጨምሩ። ጥሬ ወተት «ኃይል አለው» ብላችሁ ሳታፈሉ አትስጡ፤ ብሩሴሎሲስና የከብት ነቀርሳ የሚመጡት በእሱ ነው።

*አጥሚት።* በውሃ የተሠራ ቀጭን አጥሚት ሆድ ሞልቶ ይሄዳል። ግማሹን በከበደ ወተት አድርጉ፣ ሲወጣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ጣል አድርጉበት።

*ሽሮና ምስር።* ለአንድ ሰው በሚወጣው ላይ፣ ከእሳት ሲወርድ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ። ፍስክ ከሆነ እየተንተከተከ ሳለ አንድ እንቁላል ሰብራችሁ እስኪበስል አማስሉት፤ ሽሮው ይወፍራል እንጂ እንቁላል እንደገባበት አይለዩትም።

*ፍትፍት።* ስህተቱ እንጀራው ይበዛል፣ ወጡ ይቀጥናል። የመዳፍ ስፋት ላላት እንጀራ 3 የሾርባ ማንኪያ ወፍራም ወጥ፣ ከላይ አይብ።

*ሥጋ።* ጥርስ ከሌለ ጥብስ አይሆንም። በደንብ ደቅቆ የበሰለ ምንቸት አብሽ ወይም በጣት የተፈለፈለ ዶሮ ይወርድላቸዋል። ክትፎ ቢወዱም አብስሉት፤ የደከመ አንጀት ጥሬ ሥጋ ያመጣበትን አይቋቋምም። ለጥሬ እንቁላልም እንደዚሁ።

ጣዕም ስለሚደክምባቸው አልጫ ብቻ መስጠት ፍላጎትን ይገድላል። ግፊት ካለ ጨው ይቀነስ፣ ግን በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በኮረሪማ፣ በበሶብላና በሎሚ ይተካ። ጨጓራቸው ካልተቆጣ ትንሽ በርበሬ አይከለከልም። የስኳር ሕመም ካለ በስኳርና በማር አታክብዱ፤ በዘይት፣ በእንቁላልና በለውዝ ይሁን።

*ስለ ጾም።* ሁልጊዜ የሚመጣ ጥያቄ ስለሆነ ለብቻው ልጻፈው። እናታችሁ ረቡዕና ዓርብ፣ በሑዳዴም 55 ቀን ወተት አልነካም ቢሉ አትከራከሯቸው፣ ደብቃችሁም ምግባቸው ላይ አትጨምሩ። ባወቁ ቀን ከእጃችሁ መብላት ያቆማሉ። የንስሐ አባታቸውን ቤት ጋብዙና ሁኔታውን አስረዱ፤ ለታመመና ለደከመ ሰው ጾምን ማቅለል የእሳቸው ሥልጣን ነው፣ ቃሉም ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ይሰማል። ካልሆነም ቢያንስ እስከ 9 ሰዓት መቆየቱ ይቅርላቸው ዘንድ ጠይቁ፤ የተሻለ የሚበሉበት ጠዋት እንዳይባክን። ለጾሙ ቀን ምጥን ሽሮ በዘይት፣ ምስር፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆ፣ ግማሽ አቮካዶ፣ ዳቦ ላይ የተቀባ የለውዝ ቅቤ አለ። ቫይታሚን ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሚገኝ፣ ጾም የሚያበዙ አረጋውያን፣ በተለይ ሜትፎርሚን የሚወስዱ፣ መጠኑን እንዲለካላቸው ሐኪም ጠይቁ። ሙስሊም ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ በረመዳን መጾም ለማይችል አረጋዊ በምትኩ ድሃ ማብላት ተፈቅዷል፤ ኢማሙ ወይም ኡስታዙ ቢያስረዷቸው ይቀላል። ጾሙን ከቀጠሉ ግን የመድኃኒቱ ሰዓት በሐኪም መስተካከል አለበት።

ደረጃ 7፦ ቀኑን በ6 ከፍሉት

ጨጓራ ቀስ ብሎ ስለሚያሳልፍ ሦስት ትልቅ ማዕድ አይስማማቸውም። ለ45 ኪሏ እናት የሚሆን አንድ የፍስክ ቀን፦

1. ጠዋት 1 ሰዓት፦ አንድ ብርጭቆ የከበደ ወተት፣ ወይም በእሱ የተሠራ ቅንጬ (12 ግራም ፕሮቲን)
2. 3 ሰዓት ተኩል፦ በዘይት የተጠበሰ ለስላሳ የእንቁላል ፍርፍር (6 ግራም)
3. 6 ሰዓት ተኩል፦ በግማሽ ኩባያ ምስር የተፈተፈተ እንጀራ (11 ግራም ያህል)
4. 9 ሰዓት ተኩል፦ ግማሽ ብርጭቆ እርጎ፣ ሙዝ (5 ግራም ያህል)
5. ማታ 12 ሰዓት ተኩል፦ ትንሽ ምንቸት አብሽ ወይም ዶሮ በፍትፍት (8 ግራም)
6. ከመኝታ በፊት፦ ግማሽ ብርጭቆ የከበደ ወተት (6 ግራም)

ድምሩ 48 ግራም ነው፣ ልኩ ውስጥ ገባ። አንዱ ቢተው ቀኑ አልተበላሸም፤ ሦስት ማዕድ ላይ አንዱ ሲቀር ግን ሲሶው ቀረ።

ቡና አትከልክሉ፣ ተጠቀሙበት። የቡና ቁርስ ራሱ አንድ መክሰስ ነው። ቆሎ ጥርስ ስለሚፈልግ በምትኩ በሶ፣ ለስላሳ ዳቦ በለውዝ ቅቤ ይቅረብ፣ መጀመሪያ ቁርሱ ከዚያ ስኒው። የብረት እንክብል የሚወስዱ ከሆነ ቡናና ሻይ ብረቱን እንዳይመጠጥ ስለሚያደርጉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራራቁ።

ደረጃ 8፦ አቀማመጥ፣ ገበታና ጉርሻ

ተኝተው ወይም ጋደም ብለው አይመገቡ። ወንበር ላይ ቀጥ ብለው፣ አገጫቸው ትንሽ ወደ ደረት ዘንበል ብሎ፤ ከበሉ በኋላም ለ30 ደቂቃ አይተኙ። ምክንያቱ ምግብ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ነው። ሲበሉ በተደጋጋሚ ትን የሚላቸው ከሆነ፣ ከዋጡ በኋላ ድምፃቸው ውሃ ያዘለ የሚመስል ከሆነ፣ ወይም የሳንባ ምች የሚመላለስባቸው ከሆነ፣ በተለይ ከስትሮክ በኋላ፣ መዋጣቸውን ባለሙያ ይፈትሸው። እንዲህ ላለ ሰው ቀጭን ውሃ ከወፍራም አጥሚት የባሰ አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል።

የዓይን ሞራ ያለባቸው ጥቁር እንጀራ በጥቁር ትሪ ላይ አይታያቸውም፤ በነጭ ሳህን አቅርቡ። ሳህኑ ትንሽ ይሁን፤ የተቆለለ ምግብ ገና ሳይቀመስ ያጠግባል።

ከሁሉ በላይ ብቻቸውን አይብሉ። ለእሳቸው ተለይቶ በሳህን ክፍላቸው የሚገባው ምግብ ሳይነካ ይመለሳል፤ ቤተሰቡ ጋር ገበታ ላይ ሲቀርቡ ግን ሳያውቁት ይበላሉ። ከዚያ ጉርሻ አለ። ጉርሻ ጥሩ ነው፣ ግን ለጥርስ አልባ አፍ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ትሁን፣ ያለፈችው መዋጧን አይታችሁ። የልጅ ልጅ ቢያጎርሳቸው ከእናንተ ይልቅ እሺ ይላሉ። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እያሉ መሟገት ግን ይቅር። ሁለት ሰዓት ሙሉ በመሐላ የተጎረሱ ሰው በማግስቱ ሳህን ሲያዩ ይጨነቃሉ። 20 ደቂቃ ጠብቁ፣ አንዴ ደግማችሁ ጠይቁ፣ አንሱና ከሁለት ሰዓት በኋላ ሌላ ነገር አቅርቡ።

የመርሳት ችግር ያለባቸው አንዳንዴ የሚተዉት ምን ማድረግ እንዳለባቸው ስለሚጠፋቸው ነው። ፊት ለፊታቸው ተቀምጣችሁ እናንተ ብሉ፤ እጃቸው ይከተላል።

ደረጃ 9፦ እግራቸውን አንቀሳቅሱ

የተበላው ፕሮቲን ጡንቻ የሚሆነው ጡንቻው ሲሠራ ነው፤ አልጋ ላይ ለሚውል ሰው ምግቡ ብቻውን አይበቃም። ወንበሩ ግድግዳ ተደግፎ፣ እጀታውን ይዘው ከ5 እስከ 10 ጊዜ ይነሱ ይቀመጡ፣ ጠዋትና ከሰዓት። እናንተ አጠገባቸው ቁሙ። ካዞራቸው አቁሙና ግፊታቸውን ለኩ፤ ክብደት የቀነሰ ሰው የቀድሞው የግፊት መድኃኒት ሊበዛበት ይችላል።

በዚህ መሐል የሚሠሩ ስህተቶች

ለውጡ በሚዛን እስኪታይ 4 ሳምንት ያህል ይፈጃል። ስህተቶቹ የሚሠሩት ትዕግሥት በሚያልቅበት በዚህ ጊዜ ነው።

*«ግሉኮስ ይሰቀልላቸው።»* በብዛት የምጠየቀው ይህን ነው። 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ 50 ግራም ስኳር ነው፤ ከ200 ካሎሪ አያልፍም፣ ፕሮቲንም የለውም። አንድ ብርጭቆ የከበደ ወተት ካለው ጉልበት ብዙም አይርቅም፣ ወተቱ ደግሞ ጡንቻ ይሠራል። ከተሰቀለላቸው በኋላ ፊታቸው ፈካ የሚለው ውሃ አጥሮአቸው ስለነበር ነው። ልባቸው ለደከመ ፈሳሹ ወደ ሳንባ ሊሞላ ይችላል፤ ለብዙ ቀን ለተራበ ሰው ደግሞ ከላይ ያልኩትን የማዕድን መውረድ ሊያስነሳ ይችላል። ሐኪም ሳያዝ ቤት ውስጥ አይሰቀልም።

*የፍላጎት ሽሮፕ።* ከፋርማሲ የሚገዛው ብዙ ጊዜ ሳይፕሮሄፕታዲን የተባለ የአለርጂ መድኃኒት ነው። አረጋውያንን ያፈዛል፣ ያደናግራል፣ ሽንት ይይዛል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ይጥላቸዋል። «ለማወፈር» የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን ደግሞ ፊት ያሳብጣል እንጂ ሥጋ አይጨምርም፤ ስኳርና ግፊት ይሰቅላል፣ ጡንቻ ይበላል።

*የአጥንት ሾርባ ብቻ።* ሽታው ደስ ይላል፣ ግን አብዛኛው ውሃ ነው። ሥጋው ተፈልፍሎ፣ ምስር ወይም አጃ ገብቶበት ይጠጣ።

*የታሸገ ዱቄት በምግብ ቦታ።* በሻንጣ የሚመጣው ዱቄት መጥፎ አይደለም፤ ግን በማዕዶች መሐል ነው የሚሰጠው። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን የውሃ ልክና የሚያበቃበትን ቀን እዩ። «እንዳያልቅ» ተብሎ ከቀጠነ ውድ ውሃ ሆነ።

*ሁሉን መከልከል።* ጨው ለግፊት፣ ቅቤ ለኮሌስትሮል፣ ሥጋ ለሪህ፣ ጣፋጭ ለስኳር ተብሎ አራት ክልከላ አንድ ሳህን ላይ ሲወድቅ የቀረው ነጭ ሩዝ ነው። ክብደት እየቀነሱ ላሉ ሰው የትኛው ክልከላ ሊላላ እንደሚችል ሐኪሙን አንድ በአንድ ጠይቁት።

*ሁሉንም መፍጨት።* መዋጥ ያልቸገራቸውን ሰው ምግብ በማሽን ፈጭቶ አንድ ቀለም ማድረግ አያስፈልግም። ማለስለስ ይበቃል፤ ምን እየበሉ እንደሆነ ይወቁት።

ደረጃ 10፦ ዳግም መዝኑ

በየሳምንቱ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሚዛን፤ ከየቀኑ መመዘን ጭንቀት እንጂ መረጃ አይገኝም። በ4 ሳምንት ክብደቱ ከቆመ ተሳክቷል፣ ባይጨምርም። መቀነሱ ከቀጠለ ደብተሩን፣ የሚዛኑን ቁጥሮችና የመድኃኒት ከረጢቱን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱና የደም ማነስ፣ የስኳር፣ የእንቅርት ሆርሞን፣ የኩላሊት፣ የጉበትና የደረት ምርመራ እንዲታይላቸው ጠይቁ። «አይበሉም» ከምትሉ «በየካቲት 52፣ በሚያዝያ 48 ኪሎ ነበሩ፤ ጠዋት ግማሹን ይበላሉ፣ ማታ ምንም» ብትሉ ሐኪሙ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።